የአብራሪነት ፈቃድ አንድ ነገር ነው፣ ሥራ ማግኘት ሌላ ነገር ነው

ላሊበላ፣ ሹምሸሃ ላይ የሚያርፈውን አውሮፕላን እያየ ያደገ የላስታና የግዳን ልጅ «ፓይለት እሆናለሁ» ቢል አይገርምም። ወሬውም ያነሳሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ በኅዳር 2023 ዱባይ ላይ 31 የቦይንግና 11 የኤርባስ አውሮፕላኖችን አዟል። ቢሾፍቱ አቅራቢያም የግዙፍ ኤርፖርት ፕሮጀክት አለ። ታዲያ አብራሪ አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ልጁ ሥራ ባያገኝ ኪሳራው የማን ነው?

እዚህ አገር መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው አየር መንገዱ ራሱ ፈትኖ መርጦ የሚያሰለጥነው ነው። ውድድሩ ከባድ ነው፣ የአገልግሎት ግዴታ ውልም ይፈረማል። ነገር ግን ሥልጠናው ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ የአደጋው ትልቁ ክፍል አየር መንገዱ ላይ ነው። ሁለተኛው በራስ ወጪ መማር ነው። እዚህ ላይ አደጋው በሙሉ የቤተሰብ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ሥልጠና እንጂ ቅጥር አይደለም። አገራችን ውስጥ ደግሞ ብዙ አብራሪ የሚቀጥር ድርጅት በተግባር አንድ ነው። እሱ «አሁን አልፈልግም» ካለ፣ የቀሩት ጥቂት አነስተኛ የቻርተር ኩባንያዎች ናቸው።

ውጭ ሄዶ መማርስ? መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። አሜሪካና አውሮፓ ከዜሮ ተነስቶ ለመጨረስ 100 ሺህ ዶላር አካባቢ ይጠይቃል። ረከስ ያለ አገር ተገኝቶ 50 ሺህ ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ስለነበር 2.85 ሚሊዮን ብር ይሆን ነበር። በ140 ብር ሲሰላ ያው 50 ሺህ ዶላር 7 ሚሊዮን ብር ነው። ሥልጠናው መሐል ላይ ምንዛሬው ቢጨምር ማን ይሞላል?

ተመርቆስ? አሜሪካ ከ2013 እ.ኤ.አ ጀምሮ በመደበኛው አሠራር 1,500 ሰዓት ያልበረረ አብራሪ በአየር መንገድ አይቀጠርም። አዲስ ተመራቂ ያለው ግን 250 ሰዓት አካባቢ ነው። የእነሱ ልጆች ቀሪውን ሌሎችን እያስተማሩ ይሞላሉ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ግን እንደልቡ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። አገር ቤት ሲመለስም የውጭ ፈቃዱ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መታየት አለበት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ይሄ ሙያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አይደለም። የጤና ምርመራው በየጊዜው ይታደሳል፣ የመሣሪያ በረራ ብቃትም እንዲሁ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ልጅ ብቃቱን ላለማጣት እንደገና ይከፍላል። አንድ የዓይን ወይም የልብ ችግር ደግሞ ሁሉንም ሊዘጋ ይችላል።

ገበያውም ይገለባበጣል። እ.ኤ.አ በ2020 በኮሮና ምክንያት የዓለም የአየር መንገደኛ ቁጥር በ60 በመቶ ወርዶ ስንቱ ልምድ ያለው አብራሪ ቤቱ ቀረ። ስኮትላንድ ውስጥ ታይሳይድ አቪዬሽን የተባለው ትምህርት ቤት በ2023 ሲዘጋ፣ ቀድመው የከፈሉ ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን ነው የቀሩት።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የገበሬ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም። ስለዚህ ለልጅ ተብሎ የሚሸጠው ከብቱ፣ ባሕር ዛፉና ሙጃ ወይ ወልድያ ላይ ያለች ቤት ነች። እሷ ከሄደች ለታናናሾቹ የሚተርፍ የለም።

ልጁን ተስፋ አስቆርጡት ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ የአየር መንገዱን ማስታወቂያ ጠብቆ ይወዳደር፣ ቢወድቅ ብዙ አይከስርም። በራስ ወጪ ከሆነ ግን አንድ ብር ሳይከፈል የጤና ምርመራውን ይጨርስ። ክፍያው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይሁን። ከትምህርት ቤቱ በቅርብ ዓመታት ከወጡት ስንቶቹ ሥራ እንደያዙ በጽሑፍ ይጠየቅ። ውል ካለ፣ ልጁ ቢያቋርጥ ዋሱ ምን ያህል እንደሚከፍል ይነበብ። «አየር መንገድ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ በሩን አሳዩት።