ያልተመዘገበ ነገር ዜሮ አይደለም፦ ስለ ቆዩ ጨዋታዎች የውጤት ሉህ

የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962) በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ኸርሺ በተባለች ትንሽ ከተማ በተደረገ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ፊላደልፊያ ዋሪየርስ ኒው ዮርክ ኒክስን 169 ለ 147 አሸነፈ። ዊልት ቻምበርሊን ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጠረ። የጨዋታው ፊልም የለም፤ ዛሬ ያንን ምሽት በዝርዝር የምናውቀው በዋነኛነት ከውጤት ሉሁ ነው። ቻምበርሊን ከ63 ሙከራዎች 36ቱን፣ ከ32 ነጻ ውርወራዎች ደግሞ 28ቱን አስገብቷል። ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ገና ባልነበረበት በዚያ ዘመን 36 በ2 ተባዝቶ 28 ሲደመርበት 100 ይሆናል። በአራቱ ሩቦች ያስቆጠራቸው 23፣ 18፣ 28 እና 31 ነጥቦችም ሲደመሩ 100 ናቸው። ሉሁ ራሱን በራሱ ያረጋግጣል ማለት ነው።

ከዚህ ጨዋታ 40 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በእግር ኳስ 4 ለ 2 ረታ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በግማሽ ፍጻሜውም ቱኒዚያን ያሸነፈችው በዚያው 4 ለ 2 ነበር። ቁጥሮቹ አንድ ይሁኑ እንጂ ጨዋታዎቹ አንድ አልነበሩም። በፍጻሜው ግብፅ በ35ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ሁለት ጊዜ መርታለች፤ ኢትዮጵያ በ74ኛውና በ84ኛው ደቂቃ አቻ ሆናለች፤ ድሉ የተገኘው በተጨማሪው ሰዓት፣ በ101ኛውና በ117ኛው ደቂቃ ነው። ይህን የምንለው ደቂቃዎቹ ስለተጻፉልን ነው። ስንት ኳስ ወደ ግብ እንደተመታና በረኛው ስንት እንዳዳነ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የስፖርት ዘርፉ ቢለያይም የምዝገባው ጥያቄ አንድ ነው። በእኔ እምነት የቆየ የውጤት ሉህ ለመዝናኛ የሚነበብ ትዝታ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያ ደረጃ የጥናት ምንጭ ነው። እንደ ማንኛውም ምንጭም በጥንቃቄ ሊያዝ፣ በጥርጣሬም ሊነበብ ይገባዋል።

ጥንቃቄው ከስም ይጀምራል። ሉቻኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ ወንድማማቾች በመሆናቸው በቤተሰብ ስማቸው መመዝገባቸው ትክክል ነው። በውጭ አገር ሠንጠረዦች ላይ “ወርቁ” ተብሎ የሚገኘው ግብ አግቢ ግን መንግሥቱ ነው፤ ወርቁ የአባቱ ስም ነው። የስም አወቃቀራችንን የማያውቅ መዝጋቢ የልጁን ግብ ለአባቱ ይሰጣል። በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መልክ ሲለያይ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ባዶ ቦታን ይመለከታል። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የተመለሱና የተነጠቁ ኳሶችን መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973–74 የውድድር ዘመን ነው። በ1962ቱ ሉህ ላይ ቻምበርሊን የመለሳቸው ኳሶች አልተጻፉም፤ አንድም አልመለሰም ማለት ግን አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ባዶውን ቦታ በዜሮ ሲሞላው ያልተመዘገበው ነገር ያልተደረገ ይሆናል፤ ከዚያ የሚሰላው አማካይም ሐሰት ነው።

ሦስተኛው፣ አንድ ሉህ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቻምበርሊን በዚያ የውድድር ዘመን ከነጻ ውርወራዎቹ ያስገባው 61 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከ32ቱ 28ቱን ማስገባቱ ልዩ መሆኑን ያወቅነው የሌሎቹ ምሽቶች ሉሆች ስለተጠበቁ ነው። በሌላ በኩል በጨዋታው መገባደጃ ኒክሶች ኳስ እርሱ ዘንድ እንዳይደርስ በሌሎቹ ተጫዋቾች ላይ ሆን ብለው ጥፋት ይሠሩ እንደነበር፣ ዋሪየርሶችም ኳሱን ቶሎ ለማግኘት በአጸፋው እንዲሁ እንዳደረጉ የምናውቀው ከምስክሮች ነው። ቁጥሩ ምን እንደተደረገ ይነግረናል፤ ለምን እንደተደረገ የሚነግረን ሰው ነው።

ነገሩ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ይከብዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የማስተርስ ተማሪ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድሮችን ለማጥናት ተነሥታ ነበር። ውድድሩን ካካሄደው አካል ያገኘችው የመጨረሻ ውጤቶችን ብቻ ነው፤ የየጨዋታው ሉሆች ቢሮ ሲቀየር ተጥለዋል። ተማሪዋ ርእሷን ቀየረች። ለዓመታት የተጫወቱ ሴቶች ስማቸውም ነጥባቸውም በአንድ ቀን ጽዳት ጠፋ።

“መመዝገብ ባህላችን አይደለም” የሚሉ አሉ። በጣና ደሴቶች ገዳማት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስት ስጦታና የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ለዘመናት ሲጻፍ መኖሩ ለዚህ አባባል በቂ መልስ ነው። እነዚያ ዝርዝሮች የቆዩት ከማይጣል መጽሐፍ ጋር ስለተጠረዙ ነው። የጎደለን የምዝገባ ልማድ ሳይሆን የማስቀመጫ ቦታ ነው። “አገር ከዚህ የባሰ ችግር አለባት” ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፦ አንድን ሉህ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ደቂቃዎችን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በስፖርት ሳይንስ የሚመረቅ ተማሪ የተጠቀመባቸውን የውጤት ሉሆች ቅጂ ከጽሑፉ ጋር ለቤተ መጻሕፍት ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ሉሁ የተጫዋቹን ስም ከነአባት ስሙ፣ ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ የመዝጋቢውንም ስም ይያዝ። ሦስተኛ፣ “የለም” እና “አልተመዘገበም” በተለያየ ምልክት ይጻፉ። ሥራው ከሩቅ ዘመን መጀመር የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ከሚያደርጓቸው ውድድሮችና ከባሕር ዳር ከነማ የሜዳው ጨዋታዎች ሊጀምር ይችላል።

መንግሥቱ ወርቁ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ደግሞ በ2022 ዐርፈዋል። ስለዚያ ቀን እነርሱን የምንጠይቅበት ዕድል አልፏል። በዚህ ሳምንት በከተማችን ሜዳ የሚጫወቱትን ግን ገና ልንመዘግባቸው እንችላለን።