ወጪን የማወቅ ትምህርት፤ ከወንጂ ስኳር እስከ ቤተሰብ ሱቅ



በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከሚገኙ ቤተሰቦች መካከል ልጁን አካውንቲንግ ያስተማረ ወይም ለማስተማር ያሰበ ጥቂት አይደለም። አካባቢው የንግድ አገር ነውና ምርጫው አያስገርምም። ሆኖም ብዙ ተማሪዎቻችን «ኮስት ኤንድ ማኔጅመንት አካውንቲንግ» የተባለው ትምህርት ላይ ሲደርሱ ይደናገጣሉ፤ ቀመሩን ሸምድደው ፈተናውን ያልፉና ቁም ነገሩን እዚያው ክፍል ውስጥ ጥለውት ይወጣሉ። ወላጆችም «ልጄ ሒሳብ ተምሯል» ከማለት አልፈው ምን እንደተማረ አይጠይቁም። የዚህ ወር ውይይታችን በዚሁ ላይ ይሆናል።

በቅድሚያ ልዩነቱን እናስቀምጥ። ፋይናንሺያል አካውንቲንግ ያለፈውን መዝግቦ ለውጭ ሰው፣ ማለትም ለግብር ሰብሳቢው፣ ለባንኩና ለባለአክሲዮኑ ያቀርባል። በአገራችን ይህ ሪፖርት በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የሚገዛ ነው። ማኔጅመንት አካውንቲንግ ግን የሚናገረው ለባለቤቱ ለራሱ ነው። ይህ ዕቃ ስንት ፈጀብን? በስንት እንሽጠው? የትኛውን ሥራ እንያዝ፣ የትኛውንስ እንተው? ይህንን እንዲያውቅ ነጋዴውን የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ በመሆኑም ይዘነጋል። የመጀመሪያው ኮርስ በአብዛኛው ወጪን መለካት ያስተምራል፤ ቀጣዩ ደግሞ በተለካው ወጪ መወሰንን።

ዕውቀቱ የተወለደው ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 አውሮፓን የብድር ቀውስ በመታት ጊዜ ጆሳያ ዌጅውድ የተባለ እንግሊዛዊ የሸክላ ዕቃ አምራች ገበያው ስለቀዘቀዘበት እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደሚያስወጣው ቁጭ ብሎ መመርመር ያዘ። የደረሰበትም ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚማረውን ነው፤ ብዙ ቢመረትም ጥቂት፣ አንዳንዱ ወጪ ካለበት ፈቀቅ አይልም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ አንድ የቤተሰብ ሱቅ አለ እንበል። ኪራይና የወር ደመወዝ ተደምሮ 30,000 ብር ይወጣል፤ ይህ ቋሚ ወጪ ነው። ለአንድ ዩኒፎርም ጨርቁ፣ ክሩና በቁጥር የሚከፈለው የሰፊው ዋጋ 600 ብር ነው፤ ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። መሸጫው 900 ብር ቢሆን ከእያንዳንዱ ዩኒፎርም 300 ብር ይተርፋል። ስለሆነም 100 ዩኒፎርም ሲሸጥ ቋሚው ወጪ ይሸፈናል፤ ትርፍም ኪሳራም የለም። 150 ቢሸጥ የወሩ ትርፍ 15,000 ብር ይሆናል።

አሁን አንድ ትምህርት ቤት መጥቶ «40 ተጨማሪ ስፉልን፤ ግን በ750 ብር ነው የምንወስደው» ቢል ምን ይደረጋል? አባት ያሰላሉ፤ 30,000 ለ150 ሲካፈል 200፣ በዚያ ላይ 600፣ ድምሩ 800 ብር። «በ800 የወጣውን በ750 ሸጬ ልክሰር?» ይላሉ። ትምህርቱ የገባት ልጃቸው ግን «አባዬ፣ ኪራዩን እኮ እነዚህን 40ዎቹን ሰፋንም አልሰፋንም እንከፍለዋለን» ትላቸዋለች። ከአንዱ 150 ብር፣ ከ40ው 6,000 ብር በወሩ ትርፍ ላይ ይጨመራል። በእርግጥ ይህ የሚሆነው ማሽኑ ሥራ ፈቶ ከነበረና መደበኛው ደንበኛ ካልተጓደለበት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ 150ውም በ750 ብር ቢሸጥ ከእነርሱ የሚገኘው 22,500 ብር ብቻ ስለሆነ የኪራዩንና የደመወዙን 30,000 አይሸፍንም። እንግዲህ የትምህርቱ ፍሬ ቀመሩ ሳይሆን፣ ይህ ወጪ በውሳኔዬ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም ብሎ መጠየቅ ነው።

ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብንል ሌላ መማሪያ እናገኛለን። የወንጂ ስኳር ፋብሪካን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ያ አሮጌ ፋብሪካ ዛሬ በአዲስ ተተክቷል፤ የአገዳው ሥራ ግን ቀጥሏል። አንድ አገዳ ሲጨመቅ ስኳር ብቻ አይወጣም። ሞላሰስ ይወጣል፤ ለከብት ማድለቢያና ለኤታኖል ይውላል። ገለባውም እንደ ማገዶ ሆኖ ቦይለሩን ያነዳል። ታዲያ ለአገዳው ልማትና መጭመቂያ የወጣው ገንዘብ ለየትኛው ይቆጠር? መጽሐፉ «ጆይንት ኮስት» የሚለው ይህንን ነው። ሞላሰሱን ወደ ኤታኖል ለመለወጥ በሚወሰንበት ጊዜ ደግሞ የአገዳው ወጪ ከስሌቱ ይወጣል፤ ቀድሞ ወጥቷልና። የሚመዘነው ለኤታኖሉ የሚጨመረው ወጪና ሞላሰሱ እንዳለ ቢሸጥ ከሚያስገኘው በላይ የሚጨመረው ገቢ ነው። ተማሪው ይህንን ምዕራፍ ሲያነብ ወንጂን ቢያስታውስ ግማሹ መንገድ ቀለለለት ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ፋይዳ አለው። በሙራበሃ ሽያጭ ሻጩ ዕቃው የቆመበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ለገዢው በግልጽ መናገር አለበት። ወጪውን በትክክል የማያውቅ ሰው እንዴት በእውነት ይናገራል? የማጓጓዣው ክፍያ በዋጋው ላይ ይጨመራል ወይ? የነጋዴው የራሱ ድካምስ? የፊቅህ ሊቃውንት ይህንን በየመዝሀቡ ዘርዝረውታል፤ አካውንታንቱም ቀጥተኛና ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ እያለ የሚለየው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ሂጅራ ባንክም ከተከተለ ወዲህ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ተፈላጊ ነው። «አካውንቲንግ ወለድ ማስላት ብቻ ነው» ብለው የሚሸሹ ወጣቶቻችንም ይህንን ልብ ይበሉ።

ለተማሪዎች ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ለእናታችሁ አስረዱ፤ እርሷ ካልገባት እናንተም ገና አልገባችሁም። ሁለተኛ፣ መልሱን ከማየት በፊት ጥያቄውን በወረቀትና በእርሳስ እስከ መጨረሻው ሥሩ። ሦስተኛ፣ ለፈተና ብቻ አታጥኑ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪ አይቀበልም። በአንድ ሌሊት የተሸመደደ ቀመር እስከዚያ ቀን አይቆይም።

ወላጆች ሆይ! ለልጃችሁ ክፍያ ከፍላችኋል፤ እንግዲያውስ የሱቁን ደብተር አውጥታችሁ ስጡት። «የእኛ ሱቅ ስንት ቢሸጥ ነው ወጪውን የሚሸፍነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ቢያገኝ ቤቱ ይጠቀማል፤ ባያገኝም የጎደለው ምን እንደሆነ ገና ጊዜ ሳለ ያውቀዋል። ይህንን ከሴት ልጆቻችሁም አትሸሽጉ፤ ነገ ሱቁን የሚያቆመው የማን ስሌት እንደሚሆን አላህ ነው የሚያውቀው።