በቁሙ ነፍገው፣ ለተዝካሩ በሬ ጣሉለት

የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በተዘጋ ቁጥር የማትቀር አንዲት ማጽናኛ አለች፤ «አንባቢው ጥቂት ነበር፣ ግን ታሪክ ሠርቷል» የምትል። ምሳሌ ሲፈለግም የአሜሪካው «ዘ ዳያል» ይጠራል። እስቲ ማጽናኛዋን ገለጥ አድርገን እንያት።

መጽሔቱ በቦስተን መታተም የጀመረው በሐምሌ 1840 እ.ኤ.አ. ነው። ያወጡት ትራንሰንደንታሊስት የሚባሉት፣ ሰው እውነትን በገዛ ኅሊናው ይፈልግ የሚሉ ጸሐፍት ናቸው። የመጀመሪያዋ ዋና አዘጋጅ ማርጋሬት ፉለር ነበረች። በዓመት 200 ዶላር ሊከፈላት ቃል ተገብቶላት ነበር። ደሞዙ ግን ቃል ሆኖ ቀረ። ጽሑፍ እየለመነች፣ እያረመች፣ የጎደለውን ገጽ ራሷ እየሞላች ሁለት ዓመት ሠራች። በ1842 ጤናዋም ኪሷም ሲዝል ለራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን አስረከበች። በ1843 አሳታሚዋ ኤልዛቤት ፒቦዲ የደንበኞች ክፍያ የማሳተሚያውን ወጪ እንኳ እንደማይሸፍን ተናገረች። ደንበኛው 300 ሳይሞላ መጽሔቱ በሚያዝያ 1844 ተዘጋ።

«ጽሑፉ ይከብድ ነበራ!» ይባል ይሆናል። አዎ፣ ይከብድ ነበር። የብሮንሰን አልኮት አባባሎች የጋዜጦች መሳለቂያ እስከመሆን ደርሰዋል። ግን የወጣቱን የሄንሪ ዴቪድ ቶሮን ጽሑፎች ያስተናገደው ይኸው መጽሔት ነው። ፉለር በሐምሌ 1843 ስለ ሴቶች መብት ያወጣችው ረጅም መጣጥፍም በ1845 ሰፍቶ ዝነኛ መጽሐፍ ሆኗል። ይህ ሁሉ የጸሐፊዎቹ ገድል ነው እንጂ የአንባቢው ጽድቅ አይደለም። በየሳሎኑ ሐሳቡን እያደነቀ ለደንበኝነት ግን እጁን ወደ ኪሱ ያልሰደደው የተማረ ሰው፣ በምን ሒሳብ ነው ታሪኩን የሚጋራው?

ፉለር በ1844 መጨረሻ ደሞዝ የሚከፍላት ጋዜጣ አገኘች፤ የኒው ዮርክ ትሪቢዩን። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 250 ያህል ጽሑፎች አወጣችለት። ሥራ ሲከፈልበት ምን እንደሚያፈራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ድህነት ብዕር ይስላል የሚሉን ወዳጆች ይህን ቢያስቡት ደግ ነው።

በቁሙ ጉርሻ የነፈጉት ሰው ሲሞት ለተዝካሩ በሬ መጣል የታወቀ ነው። መጽሔትም እንዲሁ ነው። «ታሪክ ሠራ» የሚለው ውዳሴ የተዝካር በሬ ነው። መጽሔት እወዳለሁ የሚል ሰው ፍቅሩን ሕትመቱ ሳይቋረጥ፣ ሒሳቡን በመክፈል ያሳይ።