ሆዱን ያንቀጠቅጥ የነበረው ልጅ

ለዛሬ የምናወጋችሁ በልጅነቱ ተዋናይ፣ በጎልማሳነቱ ደግሞ ጠበቃ ስለሆነ አንድ አሜሪካዊ ነው። ጄፍ ኮኸን ይባላል። ስሙን ባታውቁት አይፈረድባችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ዘ ጉኒስ» የተሰኘ ፊልም ያየ ግን «ቸንክ» የተባለውን ያንን ወፍራምና ወሬኛ ልጅ አይረሳውም። ጓደኛው በሩን ከፍቶ ከማስገባቱ በፊት ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን እንዲያንቀጠቅጥ ያስገድደዋል። ተመልካች በሳቅ ፈረሰ። (የዛሬ ወላጅ ይህን አይቶ መሳቁን እንጃ!) በቀረጻው ወቅት ጄፍ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ጉድፍ ወጥቶበት ሳለ እንኳ ሥራውን እንዳይነጠቅ ሕመሙን ደብቆ ሠርቷል። እስቲ አስቡት፣ ትወናን ምን ያህል ቢወደው ነው?

ታዲያ ምን ሆነ? ልጁ አደገ። ቁመቱ ጨመረ፤ ውፍረቱ ጠፋ። ለማንኛውም ወላጅ ደስታ የሆነው ነገር ለእርሱ የሥራ ስንብት ሆነበት። ፊልም ሠሪዎቹ ድቡልቡሉን ልጅ ነበር የሚፈልጉት። አላጠፋም፤ ማንም አልበደለውም፤ ሰውነቱ ብቻ ተለወጠ። በጉርምስና ላይ ላለ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት ሁሉ የሚጠራው ልጅ ዛሬ ማን ነው?

እዚህ ላይ የፊልሙን ዳይሬክተር ሪቻርድ ዶነርን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ቀረጻው አለቀ ብሎ ልጁን አልረሳውም። ጄፍ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የትምህርቱን ወጪ በመክፈል ረዳው። ጄፍም በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ አጠና። ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደርም ያንኑ «ቸንክ» የሚለውን ስም ለቅስቀሳ ተጠቀመበት፤ አሸነፈም! ከዚያም በሎስ አንጀለስ ሕግ ተምሮ፣ በ2002 ከባልደረባው ጋር በቤቨርሊ ሂልስ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ።

የትኛውን የሕግ ዘርፍ መረጠ ብትሉ፣ በሩ የተዘጋበትን ያንኑ የፊልም ሠፈር ነው። ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት ውሉን ያነብለታል። ክፍያው ስንት ነው? ስሙ የት ቦታ ይጻፋል? ፊልሙ ቢያተርፍ ድርሻው ምንድን ነው? እያለ ይደራደርለታል። (ከመካከላችን ውል ሳያነብ የሚፈርም ይኖር ይሆን?) በ2015 ስለ ድርድር መጽሐፍ ሲያሳትምም «የተደራዳሪው ዐሥርቱ ትእዛዛት» የሚል ርእስ ሰጠው። ሙሴ ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አናውቅም።

በ«ዘ ጉኒስ» አብሮት የተወነ ኪ ሁይ ኳን የሚባል የቬትናም ተወላጅ ጓደኛ ነበረው። የእርሱም ዕጣ ከጄፍ አልተለየም። ካደገ በኋላ የሚሰጠው ሚና ስለጠፋ ትወናውን ተወና ከካሜራ ጀርባ ሆኖ የድብድብ ትዕይንቶችን በማቀናበርና በረዳት ዳይሬክተርነት ብዙ ዓመታት ሠራ። ሚስቱ ኤኮ ግን «የአንተም ጊዜ ይመጣል» ማለቷን አላቋረጠችም። ባለ ትዳሮች፣ ይህችን ልብ በሉልን፤ አንድ ሰሞን ተብሎ የቀረ ማጽናኛ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ነው።

ኳን ወደ ትወና ሲመለስ፣ በ2022 ለወጣው «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ለተሰኘው ፊልም ውሉን የተደራደረለት ጠበቃ ማን ይመስላችኋል? ጄፍ ኮኸን! የፊልሙ ፕሮዲዩሰር በአንድ ውል ላይ ከሁለቱም የ«ዘ ጉኒስ» ልጆች ጋር እደራደራለሁ ብሎ አስቦ እንደማያውቅ ተናግሯል።

መጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) ኳን በዚያ ፊልም ኦስካር ሲሸለም መድረኩ ላይ አለቀሰ። በቤቷ ሆና ትመለከተው የነበረችውን የ84 ዓመት እናቱን ጠራ፤ ሁሉንም ነገር ያገኘሁት በእርሷ ነው ሲል ሚስቱን አመሰገነ፤ ጄፍንም የዕድሜ ልክ ወንድሜ ብሎ በስሙ ጠቀሰው። ሁለቱን ልጆች ያሠራቸው ሪቻርድ ዶነር ግን ይህን ሳያይ በ2021 አርፎ ነበር።