ዝሆኑ ቤት አለው፤ ሰውየውስ?

ባልና ሚስት ዊንድሁክ ላይ ጣሪያው ላይ ድንኳን የተጫነበት መኪና ይከራያሉ። እሱ ይነዳል፣ እሷ ካርታ ትዘረጋለች። ወደ ሰሜን ነድተው ኤቶሻ ፓርክ ይገባሉ። አስጎብኚ የለ፣ ሾፌር የለ። ደንቡ ግን ቀልድ አያውቅም፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል፣ ካልተፈቀደ ቦታ ከመኪና መውረድ ክልክል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካምፕ መግባት ግዴታ። ማታ ኦካኩዌዮ ካምፕ፣ መብራት ከበራበት ኩሬ ዳር ቁጭ ብለው ዝሆንና አውራሪስ ሲጠጡ ያያሉ። ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል?

ለመሆኑ እዚያ አገር ድሮ ውሃ ይጠጣ የነበረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅስ ስንቱ ነው? በ1907 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጀርመኖች ቦታውን ሲከልሉት ሃይኦም የሚባሉት የሳን ወገኖች እዚያው እያደኑ ይኖሩ ነበር። በ1954 የደቡብ አፍሪካ ነጮች አስተዳደር ውጡ አላቸው። ወጡ። ብዙዎቹ የነጭ እርሻ ላይ ጉልበት ሻጭ ሆኑ።

እሺ፣ ያ የአፓርታይድ ጊዜ ነው እንበል። ናሚቢያ እኮ በ1990 ነፃ ወጥታለች! ሃይኦሞች በ2015 ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2019 ከፍተኛው፣ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በሕዝቡ ስም ለመክሰስ መብት የላችሁም ብለው መለሷቸው። መሬቱ የማን ነው የሚለው ሳይነካ ቀረ። መንግሥት ከፓርኩ በስተደቡብ እርሻ ገዝቶ አስፍሬያቸዋለሁ ይላል። እርሻና የአባት አገር አንድ ነው እንዴ?

ባልና ሚስቱን አልወቅስም፤ የመግቢያቸውን ከፍለዋል። እኔ የምለው፣ በር ላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የሃይኦም ድርሻ ይቆረጥ። ለዚህ ዳኛ አያስፈልግም።