የማንኪራ ቡናና የምላስ ዳኝነት

«ጣዕም በፍሬው ውስጥ ያለ ነው፤ ቀማሹ የሚያነበው ብቻ ነው» የሚል አስተሳሰብ በቡና ምዘና ዙሪያ ሥር ሰዷል። በከፋ፣ በማንኪራ ደን ጥላ ሥር ለሚበቅለው የዱር ቡና ይህ አባባል ፍርደ ገምድልነት ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አሲድና በቁላት የሚወለድ ተናኝ ውሕድ እንጂ ጣዕም አይደለም። ካፌይኑ ምላስን ነክቶ፣ ትነቱ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ ዘልቆ፣ ነርቭ ለአንጎል ካላደረሰው በቀር መራራም መዓዛማም የሚባል ነገር የለም። ጀርመናዊው ፌክነር በ1860 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ቀስቃሹ ሲያድግ ስሜቱ በዚያው ልክ እንደማያድግ አስረድቷል።

እንግዲህ ከ100 የሚሰጠው ነጥብ የፍሬው ብቻ ሳይሆን የሠለጠነ ሰው ስሜትም ውጤት ነው። በዓለም ገበያ ልማድ 80 ያልሞላው ከ«ልዩ ቡና» ተራ ይወጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ዳኛው መዓዛውን በብሉቤሪ ይመስላል። የማንኪራ ገበሬ ብሉቤሪን ላያውቅ ይችላል፤ ኮረሪማንና የጫካ ማርን ግን ጠንቅቆ ይለያል። ይህ ዕውቀት ስለምን ከምዘናው ቅጽ ተገለለ? በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም የታተመው የእረኛ ተረት በየአዳራሹ ሲደገም ፍየሎቹ እንኳ በቀማሽነት ይወደሳሉ!

ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የቆመባት ከተማ ናት። በዚያው የቅምሻ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ በፊተኛው ወንበር ላይም ቡና የምትቆላ የማንኪራ እናት ትቀመጥ።