የሕዝቦች መከባበር በዕለት ሥራ ይመዘናል

በኢትዮጵያ በያመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦችና የሕዝቦች ቀን ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ስለ ጸደቀ ነው፤ በዓሉም መከበር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን ከሰማንያ የሚበልጡት የአገሪቱ ሕዝቦች እያንዳንዳቸው በየልብሳቸውና በየዘፈናቸው በአንድ አደባባይ ይታያሉ፤ ሹማምንቱም ስለ አንድነትና ስለ እኩልነት ይናገራሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ያ በአደባባይ የተጨበጨበለት ሰው የበዓል ልብሱን አውልቆ ስለ መሬቱ ወይም ስለ ልጁ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በሚሄድበት ጊዜ፣ የሚቀበለው ፊት ምን ዓይነት ነው? የመከባበር ሚዛን የተሰቀለው በዚህ ደጃፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት በሚካሄድበት ወራት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሪቱ የተመዘገበው መፈናቀል ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። የነዚህ መከራዎች ምክንያት ብዙ ነው፤ የመሬት ጥበትና የወሰን ክርክር፣ የሥልጣን ሽሚያና የጦር መሣሪያ መብዛት አለበት። ይህን ሁሉ በስድብ ብቻ ማመካኘት እውነትን ማጕደል ይሆናል። ቢሆንም ሰው በጎረቤቱ ላይ እጁን ከማንሣቱ አስቀድሞ፣ የጎረቤቱን ስም ትቶ ‹መጤ› ብሎ ወይም በሌላ የንቀት መጠሪያ ሲጠራው መስማት ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ‹መጤ› የተባለው ሰው ሠላሳ ዓመት ያረሰው እርሻ፣ በዚያው ምድር የቀበረው አባትና የዳረው ልጅ ሁሉ በአንድ ቃል ይሰረዝበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ለንቀት ቃል መድኃኒት መፈለግ በኢትዮጵያ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውንና የሚነግደውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው፣ ትእዛዙን የሚተላለፈውን በእስራት እንደሚቀጡ አስታውቀው ነበር። አዋጁ ከታወጀ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና አንጥረኛው የሚሰደቡበት ቃል በብዙ ስፍራ ገና አልጠፋም። ከነርሱ ጋራ መጋባትና አብሮ መብላት እንደ ነውር የሚቈጠርበትም አገር አለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አዋጅ ክፉውን አፍ ለመገሠጽ ቢችልም፣ ደግ ልማድን ብቻውን ለመትከል እንደማይችል ነው።

የሕዝቦች መጠሪያ ነገርም ከዚሁ ጋራ ይመሳሰላል። ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን በጽሕፈትም በንግግርም ሲጠሩ የኖሩት ራሳቸው ባላወጡት ስም ነበር፤ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም መጻፍ የተለመደው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሕዝቡ በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ ተማረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ5ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እንዲታወቁ አድርጓል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋራ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ አሳብ አቅርቧል፤ በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርን ለመከልከል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። እንግዲህ ሕግ ጐድሏል ለማለት አይቻልም። የቀረው ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ለሚቆመው ባለጉዳይ የሚደርስበት መንገድ ነው። ይህም መንገድ በስም፣ በቋንቋና በተራ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ስም ነው። አባትና እናት ለልጃቸው ያወጡት ስም የቤተ ሰቡ ታሪክና ተስፋ ያለበት ነው። ባለጉዳዩ ስሙን ሲናገር ጸሐፊው ጆሮው በለመደው ዓይነት ለውጦ ቢጽፈው፣ ለምሳሌም በኦሮምኛ ‹ዸ› ተብሎ የሚነገረውን ድምፅ ‹ደ› አድርጎ ቢያኖረው፣ ለጊዜው ምንም የጠፋ ነገር ያለ አይመስልም። ዳሩ ግን ያው ሰው በአንዱ መዝገብ በአንድ ዓይነት፣ በሌላው መዝገብ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ ኋላም ርስት ለመውረስ ወይም ጡረታ ለመቀበል ሲመጣ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር አስረዳ ይባላል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት አንድ ጊዜ የተመዘገበ ስም በብዙ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ስለ ሆነ፣ የአንዲት ፊደል ስሕተት ሰውዬውን በሄደበት ሁሉ ትከተለዋለች። ስለዚህ ጸሐፊው ስሙን ከጻፈ በኋላ ለባለስሙ አንብቦ ማሰማትና ‹እንዲህ ነውን?› ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ባለጉዳዩ ግን በመንግሥት ፊት ሰው ሆኖ መቈጠሩን የሚያውቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ የተከሰሰም ሰው የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅ እንደ ሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት አዝዟል። ነገር ግን የብዙ ሰው ኑሮ የሚወሰነው በችሎት ብቻ አይደለም፤ በሐኪም ቤት፣ በመሬት ክፍልና በፖሊስ ጣቢያም ጭምር ነው። በነዚህ ስፍራዎች አስተርጓሚ ሲጠፋ፣ በአጠገብ የተገኘው መንገደኛ ወይም የባለጉዳዪቱ ትንሽ ልጅ እንዲያስተረጕም ይደረጋል። እናት ለሐኪም ብቻ የምትነግረውን ሕመሟን በልጇ አፍ ተናገሪ ስትባል፣ ግማሹን ውጣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የዚህ ጕዳት በመዝገብ የማይታይ ቢሆንም ሞት እስከ ማድረስ የሚሄድ ነው።

ከቋንቋም ጋራ የአነጋገር ወግ አብሮ ይታሰባል። አማርኛን በገበያና በመንገድ የተማረ ሰው ‹አንተ›ንና ‹እርስዎ›ን ቢያደባልቅ፣ ሹሙ እንደ ድፍረት ሊቈጥርበት አይገባም፤ ያ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲናገር ሽማግሌን የሚያከብርበት ወግ እንዳለው ሊያስብለት ይገባል እንጂ። በአንጻሩ ግን አማርኛው የተሰበረ በመሆኑ ብቻ ጠጕሩ የሸበተውን አዛውንት ‹አንተ› ብሎ የሚጠራ ወጣት ጸሐፊ፣ ወጉን እያወቀ የሚያፈርስ ስለ ሆነ ጥፋቱ እጥፍ ነው። ይህም በአማርኛ ብቻ የሚደርስ ሳይሆን፣ በየክልሉ የሥራ ቋንቋውን አጥርቶ በማይናገረው እንግዳ ሁሉ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው።

ሦስተኛው ተራ ነው። ጸሐፊውና ከኋላ የመጣው ባለጉዳይ በአንድ ቋንቋ ሲጫወቱ፣ ከፊት የቆመው ደግሞ ንግግራቸውን ሳይሰማ ‹ነገ ተመለስ› ቢባል፣ ጉዳዩ በእውነት ለነገ የሚያድር እንኳ ቢሆን፣ ሰውዬው የሚያምነው በወገኑ ምክንያት እንደ ተገፋ ነው። ጥርጣሬውንም ይዞ ወደ መንደሩ ይገባል፤ በማግሥቱ የአንድ ጸሐፊ ስንፍና የአንድ ሕዝብ በደል ተብሎ ይወራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ በሕብረ ብሔር አገር ያለ ባለሥልጣን ተራን ከመጠበቁ በላይ፣ የዘገየበትን ምክንያት ባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ መንገር ግዴታው ነው።

በዚህ ላይ ‹አንድ መሥሪያ ቤት ሰማንያ ቋንቋ ሊናገር አይችልም፤ ገንዘቡም አይበቃም› የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ወረዳ ሰማንያ ቋንቋ የሚናገር ባለጉዳይ አይመጣበትም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ይመጣበታል፤ እነርሱም የትኞቹ እንደ ሆኑ በረኛው እንኳ ያውቃቸዋል። ሐረሪ ከክልሎቹ ሁሉ በስፋት ትንሹ ሲሆን፣ ሐረሪኛንና ኦሮምኛን የሥራ ቋንቋዎቹ አድርጓል። ከሠራተኞቹ መካከል የጎረቤቱን ቋንቋ የሚያውቀውን አንዱን መርጦ በታወቀ ሰዓት በመስኮቱ ማቆም፣ ማስታወቂያውንም በነዚያው ቋንቋዎች በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሌሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ለአናሳው እንደሚደረግ ችሮታ ይቈጥሩታል። ዳሩ ግን በኢትዮጵያ በሁሉ ስፍራ ብዙ የሆነ ሕዝብ የለም። በአንዱ ክልል ባለቤት የተባለው ሰው አንድ ወንዝ ሲሻገር እንግዳ ይሆናል፤ በዚህ መስኮት ጸሐፊ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ወንድሙ በሌላ ክልል በሌላ መስኮት ፊት ባለጉዳይ ሆኖ ይቆማል። እንግዲህ ለእንግዳ የሚሰጠው ክብር ነገ ለገዛ ወገን የሚከፈል ብድር ነው እንጂ ችሮታ አይደለም። የገዛ ዘመዱ በሩቅ አገር እንዲከበርለት የሚፈልግ ሹም፣ ክብሩን በገዛ ጠረጴዛው ላይ መጀመር ይኖርበታል።

ካህናትም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። በሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው የወገን ማጕረምረም ስለ ሃይማኖት ክርክር አልነበረም፤ በዕለት ምግብ እደላ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ስለ ተዘነጉ ነበር። ሐዋርያትም አጕረምራሚዎቹን አንድነትን የምታፈርሱ ብለው አልገሠጹም። አቤቱታው እውነት መሆኑን ተመልክተው ሰባት የታመኑ ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። አንድነቱ የጸናው የተዘነጉት ሰዎች በማዕዱ ላይ እምነት ስላገኙ ነው። ይህን ምዕራፍ የሚያስተምር ካህን፣ በንስሐ ልጆቹ መካከል ሌላውን ሕዝብ በንቀት ስም የሚጠራ ሲሰማ ዝም ማለት አይገባውም፤ ከመድረክ ከሚሰማው ስብከት ይልቅ በልቅሶ ቤት የተነገረው ትንሽ ተግሣጽ ብዙ ጊዜ ይሠራልና።

ሕዝቡ ራሱም ከሕግ አስቀድሞ ያቋቋመው ደግ ልማድ አለው። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን ከብት እስላም እንዲባርክለት ይጠራል፤ ድስቱንና ሰፈፉን ይለያል፤ እስላሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ማንም ማንንም ‹የኔን ብላ› ብሎ አያስገድድም፤ ማንም ግን ከድግሱ አይቀርም። በከተማ ያለው ዕድርም የቋንቋና የወገን ልዩነት ሳያግደው ድንኳን ይተክላል፤ ሬሳ ይሸኛል፤ ሐዘንተኛን ያጽናናል። የዕድር ጽናት ምስጢሩ ሰዎቹ ሁሉ የሚዋደዱ በመሆናቸው አይደለም። መዋጮው እኩል ስለ ሆነ፣ በቀብር ያልተገኘው ማንም ቢሆን ስለሚቀጣና የያንዳንዱ ተራ ስለሚታወቅ ነው። መከባበር በስሜት ላይ ብቻ ሲቆም ይወድቃል፤ ሥርዓት ሲኖረው ግን የማይዋደዱትን ሰዎች ሳይቀር አብሮ ያኖራል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከዚህ ልማድ የሚማረው ይህንኑ ነው። በየወረዳው ያለ ኀላፊ የሠራተኛውን ትጋት ሲመረምር፣ ስንት ደብዳቤ እንደ ወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ስም በትክክል እንደ ተጻፈ፣ ቋንቋውን የማያውቀው ባለጉዳይ ስንት ቀን እንደ ተመላለሰ ቢጠይቅ፣ የኅዳር 29ኙ በዓል ንግግር በዓመቱ ቀናት ሁሉ ፍሬ ያፈራ ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ የፈለገውን ሁሉ ባያገኝ እንኳ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በሚሰማው ቋንቋ ተነግሮት፣ በተራው ተስተናግዶ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ወደ መንደሩ የሚወስደው ወሬ የሰላም ወሬ ይሆናል።